ሁለት ኮንትራት፣ አንድ ክሊራንስ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ክሊራንስ ይዛችሁ በመንግሥት ኮንትራት ለምትሠሩ ወገኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ለመንግሥት የኮምፒውተር አገልግሎት በሚሰጥ አነስተኛ ድርጅት ነው። የሠራተኞቹን የክሊራንስ ጉዳይ የምከታተለው እኔ ነኝ፤ ኤፍ.ኤስ.ኦ. የምትሉን ዓይነት ሰው። ጠበቃ አይደለሁም። ስሜን ያልጻፍኩት ድርጅቴ በስሙ እንድናገር ስላልወከለኝ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ቢሮ ውስጥ የማየው ሳይሆን ከቢሮ ውጭ የሚገጥመኝ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ስካይላይን ሰፈር ማኪያቶ ይዘን፣ ሰርግ ቤት ሳይቀር፣ አንዱ ክንዴን ይይዝና ወደ ጥግ ወስዶኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ሁለተኛ ኮንትራት ይዣለሁ፤ ቢደርሱበት ክሊራንሴን ይነጥቁኛል?»

መልሱን ላስቀድም። ክሊራንስ ያለው ሰው ከአንድ በላይ ኮንትራት ላይ እንዳይሠራ የሚከለክል አጠቃላይ የአሜሪካ ሕግ የለም። ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ኮንትራት ላይ ስማቸው የተመዘገበ፣ ሁሉም የሚያውቅላቸው፣ ማንም የማይነካቸው ሰዎች አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ጥጉና ሹክሹክታው ነው። በሹክሹክታ የተያዘ ሁለተኛ ሥራ ሰውን ምን ላይ እንደሚጥል በዓይኔ አይቻለሁና።

ከመሠረቱ ልነሣ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ክሊራንስ የምንለው ነገር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ብቁነት ነው፦ መንግሥት ሰውየውን አስመርምሮ ምስጢር ቢሰጠው ይጠብቃል ብሎ የሚወስነው። ሁለተኛው ፈቃድ ነው፦ ብቁ የተባለው ሰው የትኛውን ምስጢር፣ በየትኛው ኮንትራት ሥር፣ ለምን ሥራ እንደሚያይ። ብቁነቱ አንድ ነው፤ ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ከ24 ወር በላይ ያለ ክሊራንስ ሥራ ከቆየም ይወድቃል። ፈቃዱ ግን በየኮንትራቱ ይሰጣል፣ ከኮንትራቱም ጋር ያበቃል። ምስጢር ያለበት ኮንትራት ሁሉ ዲዲ 254 የሚባል ቅጽ አብሮት አለ፤ ሠራተኛው ምን ደረጃ ክሊራንስ እንደሚያስፈልገው፣ ምስጢሩንም የት ሆኖ እንደሚያይ እዚያ ላይ ተጽፏል። አንድ ሰው በሁለት ድርጅት፣ በሁለት ዲዲ 254 ሥር ሊሠራ ይችላል። ሁለቱም ድርጅቶች ስሙን በመከላከያ ሚኒስቴር መዝገብ ያስገባሉ። መዝገቡ ደግሞ አንድ ነው፤ የእናንተ የደኅንነት ኃላፊም የወዲያኛው ድርጅት ኃላፊም የሚከፍቱት ያንኑ ነው። ክሊራንስ የሚጠይቅ ሁለተኛ ኮንትራት ይዞ «ደብቄዋለሁ» የሚል ሰው ከማን እንደደበቀ አይገባኝም።

ለምን ሁለት እንደምትይዙ አውቃለሁ። እዚህ አካባቢ ያደገ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አባቶቻችን ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ፣ ማታ ታክሲ ላይ ነበሩ፤ እናቶቻችን ቀን ሆቴል፣ ማታ አረጋውያን መጦሪያ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እያሉ የመከሩን ሰዎች ራሳቸው ሁለቱንም ዛፍ እየወጡ ነው ያሳደጉን፤ ብቻ አንዱን በቀን፣ ሌላውን በማታ ነበር የሚወጡት። «አንድ ሥራ ይበቃችኋል፤ ተመስገን በሉ» ብዬ ልመክራችሁ አልተነሣሁም። የቤት ኪራዩን፣ የሕፃናት መዋያውን፣ ወር በገባ ቁጥር ወደ አገር ቤት የሚላከውን እኔም እከፍላለሁ።

የኮንትራት ሥራ ደግሞ መተማመኛ የለውም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 22 ቀን 2018 እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 የፌዴራል መንግሥት ለ35 ቀናት ሲዘጋ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ደግሞ ለ43 ቀናት ሲዘጋ ምን እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመንግሥት ቅጥር ሠራተኛ ቤቱ ቢቀመጥም መንግሥት ሲከፈት ውዝፍ ደመወዙን እንዲያገኝ በ2019 ሕግ ወጥቶለታል። አጠገቡ ያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ኮንትራክተር እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ድርጅቱ ከኪሱ ካልከፈለው ወይም የዓመት ዕረፍቱን ካላስጨረሰው የቀረበት ቀርቶበታል። ጨረታው በታደሰ ቁጥርም አሸናፊው ድርጅት ይለወጥና በዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው በአዲስ ባጅ፣ አንዳንዴም ባነሰ ደመወዝ እንዲቀጥል ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ሁለተኛ ገቢ ቢፈልግ ስግብግብ አልለውም።

ግን የአባቶቻችን ሁለት ሥራና የዛሬው ሁለት ኮንትራት አንድ አይደሉም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ላሳያችሁ፤ ከብዙ ሰው ታሪክ የገጣጠምኩት ነው።

ሰውየው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስኪፉ በር ይደርሳል። ስኪፍ ማለት ያው እንደምታውቁት ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ ብሉቱዝ ያለው ማንኛውም ነገር የማይገባበት ክፍል ነው። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል። የእሱ ሁለት ስልኮች እዚያ ገብተው ይቆለፋሉ፦ አንዱ የራሱ፣ ሌላው የሁለተኛው ድርጅት። የሁለተኛው ድርጅት ላፕቶፕ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ማውሱን በየጊዜው የምትነቀንቅ፣ በኦንላይን 20 ዶላር የማትሞላ መሣሪያ ተሰክታበት ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ መብራት ያሳያል። አራት ሰዓት ላይ የሁለተኛው ሥራ ስብሰባ አለ። 3፡57 ሲል ባጁን አስነክቶ ይወጣል፣ ስልኩን ከሳጥኑ ያነሣል፣ ወደ መኪናው ይሮጣል። ተራው ሲደርስ «እኔ ጋ የትናንቱ እንደቀጠለ ነው፤ የሚያግደኝ ነገር የለም» ይላል። 4፡31 ሲል ባጁን አስነክቶ ይመለሳል። ማታ ሁለቱም ታይምሺት ላይ ስምንት ስምንት ሰዓት ይሞላል።

አባቴ ጋራዡ ውስጥ የሸጠውን ሰዓት ለታክሲው ደግሞ አልሸጠውም፤ መሸጥም አይችልም ነበር። ይህ ሰው ግን ያንኑ ስምንት ሰዓት ሁለት ጊዜ ሸጦታል። ገዢውም ሁለት ሰው አይደለም። ባጁ ላይ ያለው የድርጅት ስም ይለያይ እንጂ በሁለቱም በኩል ሂሳቡ የሚደርሰው ለአንድ መንግሥት ነው። በሰዓት በሚታሰብ ኮንትራት ላይ የእናንተ ታይምሺት የግል ማስታወሻ አይደለም። ድርጅቱ ይሰበስበውና ወሩ ሲያልቅ ክፈሉኝ ብሎ ለመንግሥት ይልከዋል። ታይምሺቱ ውሸት ከሆነ የክፍያ ጥያቄውም ውሸት ነው፤ ለዚያ የተዘጋጀ ሕግ ደግሞ ከ1863 ጀምሮ አለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለሠራዊቱ ዕቃ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች መንግሥትን ሲያጭበረብሩ የወጣ ነው። በዚህ ሕግ በፍትሐ ብሔር የተረታ ሰው መንግሥት የደረሰበትን ኪሣራ ሦስት እጥፍ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ የሐሰት ጥያቄ ቅጣት ይከፍላል። በወንጀል ከተከሰሰ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጉዳዩን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው በመንግሥት ስም ክስ መሥርቶ ከተፈረደው ገንዘብ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊደርሰው ይችላል። አጠገባችሁ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባ ይህን ያውቀው ይሆናል።

«ማን ይቆጥረዋል?» ይሉኛል። ማንም ቁጭ ብሎ መቁጠር አያስፈልገውም። በሩ ይቆጥራል። የባጅ መግቢያና መውጫ መዝገብ ከታይምሺቱ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ በደቂቃ ይወጣል፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ዋና ኢንስፔክተሮች ሥራቸው ይህ ነው። ፎርት ሚድ ያለው የኤን.ኤስ.ኤ. ዋና ኢንስፔክተር በሚያወጣቸው ሪፖርቶች ላይ ያልሠሩትን ሰዓት የሞሉ ኮንትራክተሮች ጉዳይ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ከእነሱ ውስጥ ሜሪላንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቀረቡም አሉ።

እስር ቤቱን ተዉት፤ ክሊራንሱ ከዚያ ቀድሞ ይሄዳል። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የብቁነት መመሪያ ከኤ እስከ ኤም 13 ክፍሎች አሉት። ስለ ግል ጠባይ በሚናገረው ክፍል ኢ ውስጥ የመንግሥትን ወይም የሌላ አሠሪን ጊዜና ንብረት በከፍተኛ ደረጃ ያላግባብ መጠቀም ብቁነትን ከሚያጠራጥሩ ነገሮች አንዱ ሆኖ ተጽፏል። «የሌላ አሠሪን» የሚለውን ልብ በሉ። የግል ኩባንያ ሪሞት ሥራ ሆኖ ከመንግሥት ጋር ምንም የማይገናኝ ቢሆን እንኳ ያንን አሠሪ ማታለላችሁ ክሊራንሳችሁ ላይ ሊነሣ ይችላል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪላችሁ መጠበቅም የለም። ጥርጣሬ ካለ የሚፈረደው ለአገር ደኅንነት ነው፤ መመሪያው ይህን በግልጽ ይላል።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ያህል ልናገር። ቋሚ ዋጋ ባለው ኮንትራት ላይ መንግሥት የሚገዛው ሥራውን እንጂ ሰዓቱን አይደለም፤ ሒሳቡ ይለያል። ቀን አንዱን፣ ማታና ቅዳሜ ሌላውን የሚሠራ ሰውም ሰዓቱን ሁለቴ አልሸጠም። ሌሊት ሄልፕ ዴስክ፣ ቀን ሌላ ቦታ የምትሠሩትን፣ ዓይናችሁ ቀልቶ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምታደርሱትን ከዚያኛው ሰው ጋር አልደምራችሁም። ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ተናግራችኋል ወይ?

ማንን መናገር ነው ካላችሁ፣ ነገሩ ትንሽ ጠመዝማዛ ነው። በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሪፖርት መመሪያ፣ ሲድ 3 የሚባለው፣ በ2021 የኮንትራክተሮች ደንብ ውስጥ ገብቶ እኛንም ይመለከታል። እዚያ ውስጥ የውጭ ጉዞ አለ፣ ከውጭ ዜጋ ጋር ያለ የቀረበ ግንኙነት አለ፣ መታሰር አለ፣ ከ120 ቀን በላይ ያልተከፈለ ዕዳ አለ። አሜሪካ ውስጥ ላለ የአሜሪካ ድርጅት በትርፍ ሰዓት መሥራትን ግን ለሁሉም ሰው በአንድ ቃል አይደነግገውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «ሪፖርት አያስፈልገውም» ብሎ ይደመድማል፤ ነገር ግን ሌሎች ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ደንብ ነው፤ በተለይ የስለላ ተቋማት የሚያሠሯቸው ሰዎች ከውጭ የሚሠሩትን ማንኛውንም ሥራ አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ስትቀጠሩ ሳታነቡ የፈረማችሁት የድርጅቱ ሰነድ ነው። አብዛኞቹ ኮንትራክተሮች ሌላ ሥራ ከመጀመር በፊት በጽሑፍ ማስፈቀድን ያስገድዳሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት በክፋት አይደለም።

ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት እህታችን ቀን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጣ ለመጪው ዓመት ጨረታ የሚወጣውን የሥራ ዝርዝር ለማዘጋጀት ታግዛለች። ማታ ለሌላ ድርጅት ሪሞት ትሠራለች። ያ ሁለተኛው ድርጅት ለዚያው ጨረታ ሊወዳደር ነው። እሷ ስለ ጨረታው ለሁለተኛው ድርጅት አንድም ቃል አልተናገረችም እንበል፤ እውነትም አልተናገረች ይሆናል። የተወዳዳሪው ድርጅት ጠበቃ ግን ይህን ቢያውቅ ጨረታውን በሙሉ ያስጥለዋል። የጥቅም ግጭት የሚባለው ይህ ነው፤ የመንግሥት ግዢ ደንብ ላይ ራሱን የቻለ ቦታ አለው። ጥፋት ሳትሠራ ሁለት ድርጅቶችን ችግር ላይ ጣለች፤ ሁለተኛ ሥራዋን አስቀድማ ብታሳውቅ ኖሮ ከዚያ ጨረታ ለብቻዋ ትገለል ነበር እንጂ ሁለቱንም ሥራ ትሠራ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ገጽ ጽሑፍ ስንፈታው አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ትንሽ ወደሚመስለው ሥራ ልምጣ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እሱ ነው ብል አላጋንንም። ሰዎች ስለ ትልቁ ሁለተኛ ደመወዛቸው ተጨንቀው ይጠይቁኝና ለመሄድ ሲነሡ ጨምረው «ሌላው እንኳ ትንሽ ነገር ነው» ይላሉ። ምንድን ነው ስል፦ አዲስ አበባ ያለ የአክስታቸው ልጅ ድርጅት ዌብሳይት ይጠብቁለታል፤ ወይም ለአንድ ባንክ ሶፍትዌር ለሚያቀርብ የአገር ቤት ኩባንያ በወር ጥቂት ሰዓት ያማክራሉ፤ ወይም ከጓደኛ ጋር ሆነው ቦሌ ላይ በከፈቱት ንግድ ድርሻ አላቸው፤ ክፍያውም «ለእናቴ በብር ይሰጥልኛል» ነው። ወገኖቼ፣ በዚህ አገር መርማሪ ዓይን ትንሹ እሱ አይደለም። የብቁነት መመሪያው ክፍል ኤል ስለ ውጭ ሥራዎች ሲናገር በመጀመሪያ የሚጠቅሰው ለውጭ መንግሥት፣ ለውጭ ዜጋ ወይም ለውጭ ድርጅት መሥራትን ነው፤ ክፍያ ቢኖረውም ባይኖረውም። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሬስተን ውስጥ ያለው ሁለተኛ ኮንትራት በዓመት መቶ ሺህ ዶላር ቢያስገባ እንኳ የሚያስነሣው ጥያቄ የሰዓትና የጥቅም ግጭት ነው። በወር 150 ዶላር የማይሞላው የአዲስ አበባ ሥራ ግን የውጭ ተጽዕኖን ጥያቄ ያስነሣል። የትልቁን ፍርሃት ለትንሹ ስጡት።

ይህ ማለት ከአገር ቤት ጋር ገመድ ያለው ሰው ክሊራንስ አያገኝም ማለት አይደለም። እናታችን እዚያ ናት፣ ወንድማችን እዚያ ነው፣ አንዳንዱም ኮንዶሚኒየም አለው፤ ይህን ሁሉ የክሊራንስ ማመልከቻው ቅጽ ላይ ጽፈን ክሊራንስ ያገኘን ሰዎች ነን። ለጥምቀት አዲስ አበባ ስትሄዱ እንኳ አስቀድማችሁ ሪፖርት ታደርጋላችሁ፤ ለምዳችሁታል፣ አይከብዳችሁም። የተጻፈ ነገር ይመዘናል። ያልተጻፈው ነገር ሲገኝ ግን የሚመዘነው ሰውየው ነው።

በኦገስት 2023 የሆነውን ሳላነሣ ባልፍ ሁላችሁም የዘለልኩትን ታውቁታላችሁ። የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነ፣ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮንትራክተር ለኢትዮጵያ ምስጢር አቀብሏል ተብሎ ተያዘ፤ ክሱም በቀጣዩ ወር ይፋ ሆነ። በጊዜው ከስቴት ዲፓርትመንት ሥራው ጎን ለጎን ለፍትሕ ሚኒስቴርም በኮንትራት ይሠራ ነበር። የተከሰሰው ሁለት ሥራ በመያዙ አይደለም፤ ይህ በደንብ ይታወቅ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ስማችሁ አማርኛ ስለሆነ ብቻ ጥያቄው የበዛባችሁ፣ ምርመራው የረዘመባችሁ የመሰላችሁ ሰዎች ወደ እኔ መጥታችኋል። መስሏችሁ ይሁን ወይም እውነት ይሁን ልነግራችሁ አልችልም። የማውቀው የተወሰደውን ምላሽ ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ። «ምንም አትናገር፣ ምንም አትጻፍ» የሚለው ምክር በየቤቱ ተዳረሰ። በሌላ ሥርዓት ውስጥ ላደጉ ወላጆቻችን ይህ ምክር ሕይወት ያዳነ ነበርና አልንቀውም። ለክሊራንስ ግን መርዝ ነው፤ መጠርጠርን የሚያመጣው ዝም ማለቱ ራሱ ነውና።

አሁን ደግሞ በአካባቢያችን በአማርኛ የአይቲ ሥልጠና እየሰጣችሁ ሰው ለምታስቀጥሩ ወገኖች አንድ ቃል። ብዙ ታክሲ ነጂ የነበረ ሰው ዛሬ ሲስተም አድሚኒስትሬተር የሆነው በእናንተ ነው፤ ምስጋናውን አልነፍጋችሁም። ከመካከላችሁ አንዳንዶች ግን ተማሪውን «መጀመሪያ አንዱን ያዝ፣ በሦስት ወሩ ሁለተኛውን ጨምርበት፤ ሪዙሜህ ላይ አንዱን ብቻ አድርግ» እያላችሁ እንደምትመክሩ ከራሳቸው ከተማሪዎቹ ሰምቻለሁ። ያ ምክር ለግል ኩባንያ የሚያዋጣ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ክሊራንስ ባለበት ቦታ ግን የሚጋጨው ከክሊራንስ ማመልከቻው፣ ከኤስኤፍ 86 ጋር ነው። ከመቶ ገጽ በላይ የሆነው ያ ቅጽ የአሥር ዓመት የሥራ ታሪክ ይጠይቃል፤ ክፍተት ሳይኖር፣ በአንድ ጊዜ የተያዙትንም ጨምሮ፣ ከአለቃ ስምና ስልክ ጋር። ተማሪያችሁ ሁለተኛውን ሥራ ከጻፈው መርማሪው የመጀመሪያውን ሥራ አለቃ ደውሎ ሲያነጋግር ነገሩ ሊወጣ ይችላል። ካልጻፈው ደግሞ አውቆ የሐሰት ቃል ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ ማለት ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። በሁለቱም በኩል መውጫ የሌለው ቦታ ላይ አስቀምጣችሁታል፤ የኮርሱን ገንዘብም ተቀብላችሁበታል።

ለሙያ ባልደረቦቼ፣ በየድርጅቱ ላላችሁ የደኅንነት ኃላፊዎችም ድርሻችንን ልናገር። ሰው ሁለተኛ ሥራ ሊይዝ አስቦ ሲጠይቀን ፊታችን የሚለወጥ ከሆነ ሁለተኛ ሰው አይጠይቀንም። «እስቲ አየዋለሁ» ብለን ሦስት ሳምንት ዝም ካልን ያ ሰው ሥራው ስለሚያመልጠው ይጀምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ደብቀሃል ለማለት ምን አፍ አለን? የእያንዳንዱ ድርጅት ደንብ በአንድ ገጽ፣ ሕግ ባልተማረ ሰው ቋንቋ ሊጻፍ ይገባል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይምጣ፣ መልሱም በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ይመለስ። እምቢታም ከሆነ ምክንያቱ ይጻፍ። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ ጨረታ ለማሸነፍ ሲሉ የአንዱን ሰው ስም በሁለት ቦታ እንደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሲያቀርቡ አይቻለሁ፤ ሠራተኛውን ስለ ሐቀኝነት ከማስተማራቸው በፊት የራሳቸውን ሰነድ ቢያዩ ጥሩ ነው።

እንግዲህ በተግባር ምን ይጻፍ? ረጅም አያስፈልግም። ለሁለቱም ድርጅቶች የደኅንነት ኃላፊዎች፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት፣ በኢሜይል። የድርጅቱን ስም፣ የሥራውን ዓይነት ምስጢር በሌለበት አገላለጽ፣ የምትሠሩበትን ቀንና ሰዓት፣ ከየት ሆናችሁ እንደምትሠሩ፣ ከውጭ አገር ሰው ወይም ድርጅት ጋር ግንኙነት እንዳለው ወይም እንደሌለው አስፍሩ። የአንዱን ኮንትራት የምስጢር ዝርዝር ለሌላው አትጻፉ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ የማይነገር ከሆነ «በአካል ቀርቤ ላስረዳ» በሉ። የአንዱን ድርጅት ላፕቶፕ ለሌላው ሥራ አትክፈቱ፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ታይምሺቱን በየቀኑ፣ ራሳችሁ፣ ከሠራችሁ በኋላ ሙሉ። መልስ ሲመጣላችሁ አስቀምጡት፤ ኃላፊው ነገ ሥራ ይለቅ ይሆናል፣ ወረቀቱ ግን ይተርፋችኋል።

ሳትናገሩ የጀመራችሁና አሁን ይህን የምታነቡም አላችሁ። ሰዓታችሁ ያልተደራረበ ከሆነ ዛሬ ተናገሩ፤ ዘግይቶ በራስ ፈቃድ የተነገረ ነገር በመመሪያው ላይ እንደ ማቅለያ ሊታይ ይችላል፣ በሌላ ሰው ጠቋሚነት ሲገኝ ግን እንደዚያ አይታይም። ሰዓታችሁ ተደራርቦ ሂሳብ የተላከበት ከሆነ ግን ወደ እኔም ወደ ሌላ ኤፍ.ኤስ.ኦ.ም አትምጡ፤ እኛ የሰማነውን የማሳወቅ ግዴታ አለብን። መጀመሪያ በዚህ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ፈልጉ። ኢሜይል አታጥፉ፣ የታይምሺት ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትነካኩ። መንግሥት ክሊራንስ ሊነጥቅ ሲያስብ የሚልከው፣ የምክንያት መግለጫ የሚባለው ደብዳቤ ከደረሳችሁ በጽሑፍ ለመመለስ የሚሰጣችሁ 20 ቀን ነው፤ ያንን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ያለፈው ሰው መልስ ባለመስጠቱ ብቻ ነገሩ ያበቃለታል።

በመጨረሻም ለአካባቢያችን የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች አስተዳዳሪዎች አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ስለ ግብር አሞላል፣ ስለ ቤት መግዣ ብድር በአማርኛ ምሽት ታዘጋጃላችሁ፤ አዳራሹም ይሞላል። ስለ ክሊራንስ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሲዘጋጅ አላየሁም። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጡረታ የወጣ መርማሪና አንድ ኤፍ.ኤስ.ኦ. ተቀምጠው የማንንም ስም ሳይጠይቁ በወረቀት ተጽፎ የመጣ ጥያቄ የሚመልሱበት አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ኤፍ.ኤስ.ኦ.ውን አትፈልጉ፤ እኔ እመጣለሁ። አዳራሹንና ጠበቃውን ግን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በኤፍ.ኤስ.ኦ.ነት የማገለግል ወገናችሁ
ሰሜን ቨርጂኒያ